ለማን ልንገር? ከእናቴ አልጋ አጠገብ የተማርኩት

ሆስፒታል በገባን በመጀመሪያው ቀን «ዶክተር፣ አንዴ!» እያልኩ ኮሪደሩን ሙሉ የተከተልኩት ሰው የኦክስጅን ሲሊንደር የሚገፋ ሠራተኛ ነበር። ነጭ ጋዋን ለብሷል። በእኔ ቤት ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነው። ዘወር ብሎ ላቡን ጠረገና «ወንድሜ፣ እኔ ሲሊንደር ነው የማመላልሰው። ዶክተሯ ያቻት፤ አልፈሃት ነው የመጣኸው» አለኝ። ዞር ስል ከታናሽ እህቴ የማትበልጥ ልጅ እስክሪብቶ ጠፍቶባት ኪሷን ትዳብሳለች።

ከዚያ በኋላ እዚያው ደሴ 19 ቀን እናቴን አስታመምኩ። ይህን የምጽፈው ነገ ተነገ ወዲያ ሰው ይዞ ሆስፒታል ለሚገባ ነው። ስለ ሕክምናው አይደለም፤ እሱን ሐኪም ይናገር። ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የቸገረህን ለማን እንደምትነግር። ቀላል ይመስላል። እኔ ግን መጀመሪያዎቹን አራት ቀናት አጥፍቼበታለሁ፤ ሰውም አስቀይሜበታለሁ።

እናቴን ስትሮክ የመታት ኮምቦልቻ ቤቷ ውስጥ ነው። ጠዋት ረከቦቱ ላይ ስኒ እየደረደረች ሳለ ግራ እጇ አልታዘዝ አላት። አፏ ወደ አንድ ጎን ሄደ። ኮምቦልቻ አይተዋት ሪፈር፣ ማለትም ወደ ሌላ ሆስፒታል መላኪያ ወረቀት ጻፉልን፤ የሐረጎን ዳገት ወጥተን ደሴ ገባን። ከቤት የወጣሁት በሸሚዝ ነው። የደሴን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ የመጀመሪያዋን ሌሊት የሰው ጋቢ ለምኜ ነው ያደርኩት። (አስታማሚ ሆነህ ደሴ የምትመጣ ከሆነ ከምግቡም ከብሩም በፊት ጋቢ ያዝ።)

መጀመሪያ ማን ማን እንደሆነ ልንገራችሁ፤ እኔ የነገረኝ የለም።

ዋርድ፣ ማለትም በሽተኞች የሚተኙበት ክፍል ውስጥ ሁለት የሥልጣን መሰላል አለ። አንዱ የሐኪሞች ነው፣ አንዱ የነርሶች። እኔ አንድ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ነርስ የዶክተር ታዛዥ፣ ዶክተር የሥራ አስኪያጁ ታዛዥ፣ በቃ። እንደዚያ አይደለም።

በሐኪሞቹ በኩል ከታች ያለው ኢንተርን ነው። የሕክምና ትምህርቱን የመጨረሻ ዓመት እየሠራ ያለ ማለት ነው። ቀንም ሌሊትም የምታየው እሱን ነው፤ እንቅልፍ የጎደለው ፊት ካየህ ኢንተርን ነው። ከእሱ በላይ ሬዚደንት አለ። እሱ ሐኪም ሆኖ ጨርሷል፤ አሁን ስፔሻሊቲ እየተማረ ነው። ከሁሉም በላይ ሲኒየሩ ነው፣ ስፔሻሊስቱ። ሲኒየሩን በራውንድ ሰዓት፣ ሐኪሞቹ አብረው አልጋ ለአልጋ እየዞሩ በሽተኛ ሲያዩ ታየዋለህ እንጂ ኮሪደር ላይ አታገኘውም። ሌሊትና ቅዳሜ እሑድ ዱቲ የሚያድረው ኢንተርኑና ሬዚደንቱ ነው፤ ሲኒየሩ ቤቱ ሆኖ በስልክ ይጠየቃል። የሚደውልለት ደግሞ ሬዚደንቱ ነው። አንተ አይደለህም። የሲኒየሩን ስልክ ከሆነ ዘመድ አፈላልገህ ብታገኝ እንኳ አትደውል። እኔ ደውዬ አይቻለሁ። «ዱቲ ላይ ላለው ሐኪም ንገር» ብሎ ዘጋው፤ ልክ ነበር።

በነርሶቹ በኩል ደግሞ አልጋህን የያዘችው ተረኛ ነርስ አለች። በየተራው ትቀየራለች። ስለዚህ ጠዋት ሲረካከቡና ማታ ሲረካከቡ የአዲሷን ስም ጠይቅ። «ሲስተር» ብቻ ካልክ አምስቱም ዞር ይላሉ፤ ወይም አምስቱም ዝም ይላሉ። ከእሷ በላይ ሄድ ነርስ ትባላለች፤ የዋርዱን ነገር ሁሉ የምታውቅ እሷ ናት። ግን በሥራ ቀንና በሥራ ሰዓት ነው የምትገኘው። ከእሷ በላይ የሆስፒታሉን ነርሶች ሁሉ የሚያስተዳድር አለ። የቢሮው በር ላይ ሌላ ማዕረግ ቢለጠፍም ሠራተኛው ሁሉ «ማትሮን» ነው የሚለው። ማትሮኗ የሲኒየሩ ታዛዥ አይደለችም። ሁለቱ መሰላሎች የሚገናኙት ላይ፣ አስተዳደሩ ጋ ነው።

ታች ደግሞ አንድ ቦታ ይገናኛሉ። ካርዱ ላይ፣ የበሽተኛው መዝገብ ላይ። ሐኪሙ ኦርደር፣ ማለትም ትእዛዝ ይጽፋል፣ ነርሷ የተጻፈውን ትሠራለች። ይህችን አለማወቄ ነው ጉድ ያደረገኝ።

አራተኛው ቀን ነው። እናቴ በአፍንጫዋ በገባ ቱቦ ነው የምትመገበው። ቃሏ ቢጎተትም ትናገራለች፤ የምትናገረው ደግሞ አንድ ነገር ነው። «ቡና።» ወሎዬ ናት፣ ምን ታድርግ! አራት ቀን ሙሉ አቦል ያልቀመሰችበት ጊዜ ከዚህ በፊት ያለ አይመስለኝም። «አንድ ስኒ ካልቀመስኩማ ምኑን ዳንኩት» ትላለች።

ራውንድ ሲጀመር አስታማሚ ይወጣል። እኔ በሩ ላይ ጆሮዬን አስጠግቼ ቆምኩ። ሲኒየሩ እናቴ አልጋ ጋ ደርሶ «በአፏ ትጀምር» ሲል ሰማሁ። ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም። ሮጬ ሆስፒታሉ በር ላይ ካለችው ቡና አፍይ አንድ ስኒ ቀድቼ፣ እንዳይደፋ በእጄ ከልዬ መጣሁ። ነርሷ ስኒውን አየች፣ እኔን አየች።

«ምንድነው?»

«ዶክተሩ በአፏ ትጀምር ብሏል።»

ካርዱን ገለጠች። «እዚህ አልተጻፈም።»

«በአፉ ተናግሯል እኮ! ሰምቻለሁ!»

«በአፉ የተናገረውን በእጁ ይጻፈው። ያልተጻፈ አልሰጥም፤ አንተም አትሰጥም።»

ደሜ ፈላ። ክፋት ነው ብዬ ደመደምኩ። ፒያሳ ሱቅ ያለው አጎቴ ጋ ደወልኩ። እሱ ደሴ ውስጥ የማያውቀው ሰው የለም፤ የማያውቀው ካለም የሚያውቀውን ሰው ያውቃል። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ነገሩ አስተዳደር ቢሮ ደረሰ። ኮራሁ። አሁን ታያለች አልኩ።

የሆነውን ኋላ ነው የሰማሁት። አስተዳደሩ ማትሮኗን ጠራ። ማትሮኗ ስብሰባ ላይ ነበረች፤ ከሰዓት ወጣች። ማትሮኗ ሄድ ነርሷን ጠራች። ሄድ ነርሷ ነርሷን ጠራች። ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ሄድ ነርሷ ካርዱን በብብቷ ይዛ መጣችና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። አልጮኸችም። የዕለቱን ኦርደር አውጥታ «አንብብ» አለችኝ። አነበብኩ። «ከመጀመሯ በፊት መዋጧ ይታይ» ይላል። በሩ ላይ ሆኜ የሰማሁት ግማሹን ነው።

ከዚያ ተነስታ ኢንተርኗን ከጎረቤት ክፍል ጠራቻት። ያቺው እስክሪብቶዋ የጠፋባት ልጅ ናት። እናቴን ደገፍ አድርጋ ቀጥ አድርጋ አስቀመጠቻት። በሻይ ማንኪያ ውኃ ሰጠቻት። «እማማ፣ እስቲ ይዋጡልኝ። አሁን ደግሞ አንድ ነገር ይናገሩ።» አንደኛው ማንኪያ ደህና ሄደ። ሁለተኛው ላይ እናቴ አሳላት፣ ድምፅዋም ውኃ የገባበት ነገር ሆነ። ኢንተርኗ ማንኪያውን አስቀመጠች። «ገና ናቸው። አሁን በአፋቸው ቢወስዱ ወደ ሳንባ ነው የሚሄደው። ከሁለት ቀን በኋላ እንሞክራለን።»

ቡናው መስኮቱ ላይ ቀዝቅዞ ተቀምጧል።

ሄድ ነርሷ ስትወጣ ያለችኝን ሁሌም አስታውሰዋለሁ። «ከላይ የወረወርከው ወደ ታች የሚወርደው በዚሁ በእኛው ደረጃ ነው። መጨረሻው እኔ ጋ ነው የሚመጣው። ከእኔ ብትጀምር 10 ደቂቃ ነበር።» ልክ ናት። ነገሩን የፈታችው ኢንተርን ናት፤ እሷ ደግሞ ሙሉ ቀን አጠገቤ ነበረች።

ያቺን ነርስ በማግስቱ ይቅርታ ጠየቅኳት። ሥራዋን አላጎደለችም ነበር፤ ሰላምታዋ ግን ቀንሶ ነበር። ፈገግ ብላ «የእኔም ወንድም እንዳንተው ነው» አለችኝ።

እንግዲህ ከዚህ በኋላ ሥርዓት ያዝኩ። መድኃኒት ለምን ተቀየረ፣ ውጤቱ ምን አለ፣ መቼ እንወጣለን የሚል ጥያቄ ወደ ሐኪሞቹ መሰላል ይሄዳል፤ መጀመሪያ ኢንተርን። ግሉኮስ አልቋል፣ አንሶላ ርሷል፣ መርፌ ዘገየ፣ የሽንት ቱቦው ታጠፈ የሚል ነገር ወደ ነርሶቹ። አልጋ ወይም ሪፈር ከሆነ ሊያዞን የሚባል ቢሮ አለ፤ ነርስ ላይ መጮህ ዋጋ የለውም። የጤና መድን ደብተርና የሪፈር ወረቀት ነገርም የራሱ መስኮት አለው። ሪፈሯን ኮፒ አድርጋችሁ አስቀምጡ። እኔ አንዴ ጥያት ለግማሽ ቀን አንጀቴ ቆስሏል።

ተማሪዎችም አሉ። ሰብሰብ ብለው መጥተው ግፊት ይለካሉ፣ ታሪክ ይጠይቃሉ። ጥሩ ልጆች ናቸው፤ ጊዜም አላቸው፣ እናቴ ደግሞ ወሬ ትወዳለች። ግን ከባድ ነገር ለእነሱ ነግሬያለሁ ብላችሁ እንዳትተኙ። ለተረኛዋም ድገሙት።

በተግባር ትልቁ ባለሥልጣን ደግሞ ማን መሰላችሁ? በሩ ላይ ያለው ጥበቃ። የአስታማሚ ካርድ ከሌለህ ማትሮኗ ራሷ የአክስትህ ልጅ ብትሆን አታልፍም። ስሙን እወቅ፣ ደህና አደርክ በለው። በቃ፣ ሌላ አያስፈልገውም።

ሥርዓት ያዝኩ አልኩ አይደል? ሥርዓቱም አሳስቶኛል። ዘጠነኛው ሌሊት፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ የእናቴ ትንፋሽ መንኮርኮር ጀመረ። ተነስቼ ነርሷን ፈለግኩ። ሌላ በሽተኛ ላይ መርፌ እየሰጠች ነው። ተራዬን ልጠብቅ ብዬ ቆምኩ! ጨዋ ሆኜ፣ እጄን አጣጥፌ። ከጎናችን አልጋ የወረባቦ ሰው የሆኑ ሽማግሌ ልጃቸውን ያስታምማሉ። እሳቸው የእናቴን ከንፈር አዩ። «ኧረ ሲስተር! ኧረ ድረሱ፣ ሴትዮዋ ታፈነች!» ብለው ዋርዱን አናወጡት። ነርሷ መርፌውን ጥላ ሮጠች። በጎን አዞረቻት፣ በማሽን አክታውን ሳበችላት፣ ኦክስጅን አደረገችላት፣ በዚያው «ኢንተርን ጥሩልኝ» አለች። ኢንተርኑ መጥቶ ሬዚደንቱ ጋ ደወለ። ሁሉም በ15 ደቂቃ ውስጥ። መሰላሉ እንዲህ ነው የሚሠራው፤ የሚወጡት ግን እነሱ ናቸው። የእኔ ድርሻ መጮህ ብቻ ነበር፤ እሱንም ሽማግሌው ሠሩልኝ።

ስለዚህ ትንፋሽ ከተቀየረ፣ ሰውዬው ሲጠሩት ካልመለሰ፣ ደም ከፈሰሰ፣ ከተንቀጠቀጠ፣ ከንፈር ከጠቆረ ተራ የለም፣ ደረጃ የለም። ያገኘኸውን ጥራ። ሲሊንደር የሚገፋውንም ቢሆን።

ስትጠራ ምን እንደምትልም ልብ በል። እኔ መጀመሪያ አካባቢ «ኧረ እናቴን አያችኋት ወይ፣ ደህና አይደለችም እኮ» ነበር የምለው። ይሄ ለነርስ ምንም አይነግራትም፤ ዋርድ ውስጥ ደህና የሆነ ማን አለ? ኋላ ላይ እንዲህ ማለት ተማርኩ፦ «አልጋ 7 ነው። ከ20 ደቂቃ ጀምሮ ትንፋሿ ፈጥኗል፤ ትኩሳትም አላት፤ ማታ አልነበራትም።» የአልጋ ቁጥር፣ ምን እንደተቀየረ፣ ከመቼ ጀምሮ። እንዲህ ስትል ፊታቸው ይለወጣል። ወዲያው ነው የሚነሱት።

ቅሬታም ነበረኝ፤ አልደብቅም። አንድ ሌሊት 6 ሰዓት ላይ መሰጠት የነበረበት መርፌ 9 ሰዓት ተኩል ላይ ተሰጠ። ሁለቴ ሄጄ ተናግሬ ነበር። የድሮው እኔ ብሆን ለአጎቴ እደውል ነበር። ሰዓቱን ስልኬ ላይ ጻፍኩትና ጠዋት ሄድ ነርሷ ስትገባ፣ ሻንጣዋን እስክታስቀምጥ ጠብቄ፣ ነገርኳት። ስም አልጠራሁም፣ ክፋት ነው አላልኩም። ሰዓቱን ብቻ። ካርዱን አየች፣ ከእኔው ጋር ገጠመ። ያን ሌሊት ለ24 አልጋ ሁለት ነርሶች ብቻ ነበሩ፤ እሱንም ነገረችኝ። ከዚያን ቀን በኋላ የእናቴ መርፌ አልዘገየም። እሷ ባትሰማኝ ቀጥሎ ማትሮኗ ነበረች፤ ከዚያ ቅሬታ ሰሚው፣ ከዚያ አስተዳደሩ፣ እዚያም ካልሆነ ከሆስፒታሉ ውጭ ጤና ቢሮ አለ። ወደ ላይ ስትወጣ በጽሑፍ ይሁን፣ ቀን ይኑረው፣ ኮፒው አንተ ጋ ይቅር። እኔ ግን ከሄድ ነርሷ በላይ መውጣት ሳያስፈልገኝ ቀረ።

ነርሶቹ ሁሉን ሊሠሩ አይችሉም፤ ግማሹ ሥራ የአስታማሚ ነው። ያቺ ቡናውን የከለከለችኝ ነርስ አንድ ማታ የእናቴን ዳሌ ገልጣ አሳየችኝ። ቀላ ያለች፣ የብር ሳንቲም የምታክል ቦታ አለች። «ተጫነው» አለችኝ። በጣቴ ተጫንኩና ለቀቅኩ። «ጤነኛ ቆዳ ስትለቀው ነጣ ይልና ይመለሳል። ይሄ ቀይ እንደሆነ ነው የቀረው። የአልጋ ቁስል የሚጀምረው እንዲህ ነው።» በየ2 ሰዓቱ ማገላበጥ እንዳለብኝ ነገረችኝ፤ ግራ፣ ጀርባ፣ ቀኝ። ሳይጎተት፣ በአንሶላው ብድግ እየተደረገ። የብስኩት ካርቶን ቀድጄ ሰዓቱን በላዩ ጻፍኩና አልጋው ራስጌ ላይ ሰቀልኩት። ከእህቴ ጋር ስንቀያየር ካርቶኑን ነበር የምንረካከበው። በአራተኛው ቀን ያቺ ቀይ ቦታ ጠፋች። ነርሶቹ ሲረካከቡ ካርቶኔን ማንበብ ጀመሩ። ምንም ሽልማት ያን ያህል አያስደስተኝም።

አንድ የረሳሁት፦ ዘመድ። ወሎ ውስጥ አንድ ሰው ታመመ ማለት አገር ታመመ ማለት ነው። መጠየቁ ደግ ነው፣ ዱዓውም ጸሎቱም ይድረስ። ግን የመጣ ሁሉ ኢንተርኗን አስቁሞ «የእኛ እናት እንዴት ናቸው?» ይላል። እሷ አንድ ነገር ትናገራለች፣ ሦስቱ እህቶቼ ሦስት ነገር ይሰማሉ፣ ማታ ቤት ውስጥ ጦርነት ነው። መጨረሻ ላይ ለዶክተሮቹ «የምትነግሩት ለእኔ ብቻ ነው» አልናቸው። እፎይ አሉ። እኛም እፎይ አልን።

ሁለት ቀን ተባለ፣ አምስት ቀን ሆነ፣ እናቴ መዋጥ ጀመረች። በ19ኛው ቀን ሐረጎን ወርደን ኮምቦልቻ ገባን። ጋቢዬን መኪና ውስጥ አወለቅኩ።

ቤት ስንገባ ደግሞ ሌላ ጣጣ። እዚያስ ማን ነው አዛዡ? አጎቴ ማር በጥቁር አዝሙድ ይዞ መጣ። ጎረቤት ወጌሻ ይታሻት አለ። ታናሽ ወንድሜ ኢንተርኔት ላይ ያየውን እንቅስቃሴ ሊያሠራት ይፈልጋል። ሦስት ቀን ተንጫጫን። በአራተኛው ቀን ሁላችንን ሰብስቤ ታላቅ እህታችንን ሄድ ነርስ አደረግናት። ደብተር ገዛን። ተረኛው የሰጠውን ክኒን፣ ያገላበጠበትን ሰዓት፣ የበላችውን ይጽፋል፤ ሲቀያየር አንብቦ ይረከባል። ከእህቴ ፈቃድ ውጭ አንድ ማንኪያ ነገር ወደ እናቴ አፍ አይገባም። ያልገባት ነገር ሲኖር የምትደውለው እሷ ናት፤ መጀመሪያ ቅርባችን ያለው ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ ቀጠሮ ወደሰጡን። አጎቴ ትንሽ ከፋው፤ ግን ማሩን ትቶ ሄደ፣ እኛም ለሻይ አደረግነው።

እናቴ ይህን ሁሉ ዝም ብላ ስታይ ሰነበተች። ቡና ሐኪሙ በቀን አንድ ስኒ፣ ያውም ቀጠን ያለ ብሏል፤ እህቴም ደብተሩ ላይ በቀይ ጽፋዋለች። ባለፈው ሳምንት ሌሊት ላገላብጣት ስነሳ ዓይኗን ገልጣ አየችኝ።

«ዛሬ ዱቲው አንተ ነህ?»

«አዎ እማዬ።»

«ሁለተኛ ስኒ ቡና እፈልጋለሁ።»

«አልተጻፈም እኮ።»

ትንሽ አሰበች። «እንግዲያው ካንተ በላይ ያለውን ጥራልኝ።»